ለሕንፃዎቻችንም ገበዝ ይሾምላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

የምጽፍላችሁ ተሠርተው ስላለቁ ሕንፃዎች ነው። ሊሠራ ስለታሰበ ሕንፃ ወሬ ጠፍቶ አያውቅም። የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ካሜራ አለ፤ ሲመረቅም ድንኳን ይጣላል፣ ሰንጋ ይወድቃል። ከምርቃቱ በኋላ ስላለው ሃያና ሠላሳ ዓመት ግን የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ሕንፃ ያረጃል። ከግድግዳውና ከምሰሶው ብዙ ቀድመው የሚያረጁት ደግሞ የሰው ሕይወት እንዲያተርፉ፣ ጤናም እንዲጠብቁ የተገጠሙት ነገሮች ናቸው፦ የእሳት ማጥፊያው፣ የአደጋ ጊዜ መውጫው፣ የመብረቅ መከላከያው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይነዝር ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት ሽቦ፣ ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ሮቶ፣ የመጸዳጃ ቤቱ አየር ማስወጫ። ሊፍት ሲቆም የሕንፃው ሰው ሁሉ ይጮኻል። የመሬት ሽቦ ሲቆረጥ ግን አምፖሉ እንደ ወትሮው ይበራል፣ ምጣዱም ይግላል፤ ስለዚህ ማንም አያውቅም።

እኔ ዕድሜዬን በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ ሳስተምር የኖርሁ፣ አሁን በጡረታ ደብረ ማርቆስ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ ጡረታ ማለት ደመወዙ ይቀንሳል እንጂ ሥራው አይቀንስም። «መምህር፣ እስቲ ብቅ ብለው ይዩልን» የሚል ጥሪ አይቋረጥም፤ በከተማውም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በቡሬም የማስተምራቸው የነበሩ ልጆች ይጠሩኛል። በዚህ ምክንያት የብዙ ሕንፃ ኮርኒስ፣ ምድር ቤትና ጣሪያ አይቻለሁ። ሰው የሕንፃን ፊት ያያል፤ እኔ ጀርባውን ነው የማየው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ተከራዮች «መብራት እየጠፋ አስቸገረን» ብለው ወደ አንድ ባለ አራት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ጠሩኝ። የሕንፃውን ስም አልጠራም። ባለቤቱን ለማሳጣት አልተነሣሁም፤ ያየሁትንም በዚያ ሕንፃ ብቻ አይቼው ቢሆን ኖሮ ነገሩን እዚያው ተነጋግረን በጨረስነው ነበር፣ ጋዜጣ ድረስ አላመጣውም።

ከምድር ምግብ ቤት አለ። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጎን ለጎን ተተክለዋል። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲጋገርባቸው 32 አምፔር ገደማ ይሆናል። የተቀጠሉት ለተራ ሶኬት ተብሎ በተዘረጋ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ ሲሆን፣ ለዚያ ሽቦ መጀመሪያ የተገጠመለት ብሬከር ባለ 20 አምፔር ነበር። ብሬከሩ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ይወርዳል። ምግብ ቤቱ ግን ምጣዱ በመሃል እየቀዘቀዘ እንጀራ ሲበላሽበት ጊዜ አንድ ሠራተኛ አስጠርቶ ባለ 40 አምፔር ብሬከር አስገጠመ። ከዚያ ወዲህ ያ መስመር አልወረደም፤ በምትኩ የሕንፃው ዋና ማብሪያ ይወርድ ጀመር። እኔም የተጠራሁት እሱን እንዳይወርድ እንዳደርግላቸው ኖሯል። «ያኛው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ቶሎ ነበር ያስተካከለልን» አሉኝ።

ሳጥኑን ስከፍተው ሽቦው ወደ ብሬከሩ በሚገባበት ቦታ ላይ ልባሱ ጠቁሮ ተኮማትሯል። በጣቴ ስነካው ተፈርፍሮ መዳፌ ላይ ቀረ። ቀዩን ከሰማያዊው ለመለየት ወደ ኋላ ሄጄ ያልተቃጠለውን ጫፍ መፈለግ ነበረብኝ። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ተማሪዎቼ በመጀመሪያው ዓመት ነው የሚማሩት። ትልቁ ብሬከር ሲገባ የተቀየረው ነገር ቢኖር ቀድሞ የሚሰጠው የትኛው ነው የሚለው ብቻ ነው። ፊት ብሬከሩ ይወርድ ነበር፤ አሁን ቀድሞ የሚቀልጠው ሽቦው ነው። ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው በኮርኒሱ ውስጥ ነው፤ ኮርኒሱ ችፑድ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ የልብስ ሱቅ አለ።

በዚያው ሳጥን ውስጥ ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው በቅጽበት መስመሩን የሚቆርጠው መሣሪያ ነበር። በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ እንዲወርድ የተሠራ፣ ፊቱ ላይ መፈተሻ የሆነች ትንሽ ቁልፍ ያለችበት ነው። ተጫንኋት። ዝም። ሲመረቅ ይሠራ እንደነበር አልጠራጠርም። ከዚያ ወዲህ ቁልፏን የነካት ሰው ስለመኖሩ ግን ማስረጃ የለም፤ አቧራው ሳይነካ ተጋግሮባታል።

ከሳጥኑ ተነሥቼ ወደ ላይ ስወጣ ነው የአደጋ ጊዜ መውጫውን ያገኘሁት። በሕንፃው ጀርባ ሁለተኛ ደረጃ አለ፤ ንድፉ ላይም አለ፣ ተሠርቷልም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወደ እሱ የሚያወጣው በር ግን በሰንሰለት ተጠፍሮ ጓጉንቸር ተቆልፎበታል። በስንጥቁ ወዲያ ማዶ ሳይ ደረጃው ላይ የጫማ ካርቶንና ባዶ የቢራ ሳጥን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ጥበቃውን ጠራሁት።

«ልጄ፣ የዚህ በር ቁልፍ የት ነው?»

«ቁልፉ ጋሼ ዘንድ ነው፣ መምህር።»

«ጋሼ የት ናቸው?»

«ባሕር ዳር ናቸው። ለመስቀል ይመጡ ይሆናል።»

ከእኛ እስከ ባሕር ዳር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ምንም የተለየ ነገር አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባም። እሱ የታዘዘው ሌባ እንዳይገባ እንዲጠብቅ ነው እንጂ ሰው እንዲወጣ እንዲያደርግ አይደለም። በዚያ ፎቅ ላይ ያለው የግል ክሊኒክ ነው። ግሉኮስ ተሰክቶለት የተኛ ሰው፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ በምርኩዝ የመጣ ሽማግሌ አይጠፋበትም። እነዚህ ሁሉ መውጫቸው የምግብ ቤቱ ኮርኒስ ወዳለበት የሚወርደው የፊት ደረጃ ብቻ ነው።

በሩ ለምን እንደታሰረ ስጠይቅ መልሱ ሌባ ነው። ውሸት አይደለም፤ በጀርባው ደረጃ እየወጡ ዕቃ የሚወስዱ ነበሩ። ነገር ግን ይህ ምክንያት አዲስ አይደለም። በመጋቢት 1903 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1911፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል በተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ከነበሩት መውጫዎች አንዱ ሠራተኞቹ ጨርቅ ሰርቀው እንዳይወጡ ተብሎ ተቆልፎ ነበር። የእሳት አደጋ መሰላሉም እዚያ ከፍታ አልደረሰም። ሕንፃው ራሱ በእሳቱ አልፈረሰም፤ ዛሬም ቆሞ የዩኒቨርሲቲ መማሪያ ሆኖ ያገለግላል። ግንቡ ጠንካራ ነበር፤ ብዙዎቹን ሰዎች መውጫ ያሳጣቸው የተቆለፈ በር ነው። እኛም ግንቡ ጠንካራ መሆኑን ነው የምናወራው።

ደግሞ ሌባን ለመከላከል ጓጉንቸር አያስፈልግም። አያቶቻችን በራቸውን ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይዘጉ ነበር፤ ከውጭ ያለ ሰው አይከፍተውም፣ ከውስጥ ያለ ግን በጨለማም ቢሆን ዳብሶ ይስበዋል። ዛሬም ከውስጥ ሲገፉት የሚከፈት፣ ከውጭ እጀታ የሌለው የብረት በር ማንም ብየዳ ቤት ይሠራዋል። የእኛ ከተማ ልጆች ከዚህ የከበደ ሥራ በየቀኑ ይሠራሉ። በሩም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ የተደናገጠ ሰው ብዛት ሲገፋው ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ይጣበቃል።

ስለ እሳት ማጥፊያው ብዙ አልልም፤ ማንም ሰው አሁኑኑ ተነሥቶ ሊያየው ስለሚችል። በዱቄት የሚሠራው ቀዩ ሲሊንደር አንገቱ ላይ ትንሽ ሰዓት መሰል ጠቋሚ አለው። መርፌው አረንጓዴው ላይ ካልሆነ ዕቃው ጌጥ ነው። አረንጓዴ ላይ ቢሆንም ዱቄቱ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ሲቆም ከታች ሊጋገር ስለሚችል በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ጠቋሚ የለውም፤ እሱ የሚታወቀው ተመዝኖ ነው። በተጠራሁበት ሕንፃ ከነበሩት ሲሊንደሮች አንዱ የኮምፒውተር ማሠልጠኛው በር እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኖ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሌላው ሰው በማይደርስበት ከፍታ ተሰቅሏል፤ አስተናጋጇ ወንበር ላይ ቆማም ቢሆን ጣቷ ብቻ ነው የነካው። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ሲሊንደር ተረጭቶ የሚያልቀው ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። በዚህች የሚጠፋው ገና የተነሣ እሳት ነው፤ እሳቱ ደግሞ ወንበር እስኪፈለግ አይጠብቅም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ ሠራተኞች እንዴት እንዳስቸገረ ሁላችንም ሰምተናል። አዲስ አበባ እንዲያ ከሆነች፣ በክፍለ ሀገር ከተማ ላለን ሰዎች መጀመሪያ የሚደርስልን በእጃችን ያለው ነገር ነው።

ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ተከራዮቹ ለመብራት ጠርተውኝ ለምን ጣሪያ ላይ እንደምወጣ አልገባቸውም፤ አንዷ ሴት ወይዘሮ «መምህር፣ መብራቱ ታች ነው» ብላ አስታወሰችኝ። የወጣሁት ለመብረቅ መከላከያው ነው። በጎጃም ደጋ ላይ ክረምት ሲገባና ሲወጣ መብረቅ እንዴት እንደሚወርድ ለአገሩ ሰው መንገር አያስፈልግም። ዘንጉ ጫፉ ላይ ቆሟል፤ ከእሱ የሚነሣው የመዳብ ገመድ በግድግዳው ላይ እየተንጠለጠለ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ መሬት ሲቃረብ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት ከሚችለው ቁመት ላይ በመጋዝ ተቆርጧል። ታችኛው ወደ ቆራሌው ሄዷል ማለት ነው። መዳብ ውድ ነው፤ የቆረጠውም ሰው ምን እንደሚቆርጥ አላወቀም ይሆናል። መሬት ያልደረሰ መከላከያ ግን ከናካቴው ከሌለው ይብሳል፤ መብረቁን ጠርቶ መንገድ ላይ ይተወዋል። እሱም በውሃ ቱቦው ወይም በኤሌክትሪክ መስመሩ በኩል የራሱን መንገድ ይፈልጋል። ገመዱ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ድረስ በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ተሸፍኖ ቢሆን ኖሮ ሌባውም አያየውም ነበር። ገመዱ የሚያበቃበት፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ዘንግ ሲለካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ሲገባ የሚገጥመው ተቃውሞ ከ10 ኦም ባይበልጥ ይመረጣል። መለካት ያለበት ደግሞ በክረምት አይደለም፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። እርጥብ መሬት ሁልጊዜ ጥሩ ቁጥር ይሰጣል፤ በደረቁ ጊዜ ያለፈ መሬት ነው ሊታመን የሚገባው።

እዚያው ጣሪያ ላይ ሮቶው አለ። ክዳኑን ነፋስ ወስዶት ጠርዙ ላይ እርግቦች ሰፍረዋል። ከታች ምግብ ቤቱ ሰሐን የሚያጥበው፣ ክሊኒኩም እጁን የሚታጠበው በዚህ ውሃ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግድግዳው አረንጓዴ ነው፤ ውሃው ውስጥ ላባ ተንሳፍፏል። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ጽሑፉ አልተሳሳተም። ሮቶ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ባዶ ተደርጎ፣ በብሩሽ ተፈትጎ መታጠብ አለበት። ከታጠበ በኋላ እየሞላ ሳለ ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር አንድ ሊትር በረኪና፣ ማለትም ባለ 5 በመቶውን፣ መጨመርና ሌሊቱን ማሳደር ነው። ያን ውሃ ማንም እንዳይጠጣው፤ በየቧንቧው ከፍቶ ማፍሰስና በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። የሚፈጀው የአንድ ሠራተኛ ቀንና ጥቂት ጠርሙስ በረኪና ነው። ክዳኑ ደግሞ በሽቦ ይታሰር፤ የማርቆስን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ክዳን እንዲያው ጭኖ አይወርድም።

ሁለት ነገር ልጨምርና ከዚያ ሕንፃ ልውረድ። አንዱ ስለ አየር ነው። ከተማችን ብርድ ናት፤ ሰው ቢሮውና ሱቁ ውስጥ ሆኖ ቡና ያፈላል፣ ከአዊ በኩል ከፋግታ ለኮማ የሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከስለው ከሰል ደግሞ ጥሩ ፍም ይይዛል። ፍሙ ጢስ የለውምና ሰው ይዘናጋል፤ የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ለዚህ ነው በየክፍሉ ከመስኮቱ በላይ የአየር ቀዳዳ የሚተወው። በተጠራሁበት ሕንፃ ግን አብዛኛው ቀዳዳ ብርድ እንዳያስገባ በካርቶንና በጨርቅ ተወትፏል። የመጸዳጃ ቤቶቹ አየር የሚወጣበት ቀጥ ያለ ጉድጓድም ከላይ በቆርቆሮ ተከድኗል፤ ዝናብ ያስገባል ተብሎ ነው፤ በዚያው ሽታውም ተከድኖ ቀርቷል።

ሌላው ስለ ዊልቸር መወጣጫው ነው። ሕንፃው ሲሠራ ሥራ ላይ የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው ያዛል። ተሠርቶለታል። አንድ ሜትር ለመውጣት አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል የሚባለው ቀርቶ፣ ይኸኛው በሦስት ሜትር ነው የሚወጣው፤ ከፊቱም ሁለት ትልልቅ የአበባ ማስቀመጫ ቆመውበታል። አበቦቹ እንኳ በየቀኑ ውሃ ያገኛሉ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ባለቤቱን ጠይቄ ነበር፤ በስልክ። ክፉ ሰው አይደሉም። «እኔ ለእያንዳንዱ ተከራይ አስረክቤያለሁ፤ ያበላሹት እነሱ ናቸው» አሉ። ተከራዮቹ «እኛ ኪራይ ከፋዮች ነን፤ ሕንፃው የእሳቸው ነው» ይላሉ። የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ደግሞ ሕንፃው ሲጠናቀቅ ታይቶ የመጠቀሚያ ፈቃድ እንደተሰጠው፣ ከዚያ በኋላ ጥቆማ ካልመጣ በየሕንፃው የሚዞር የሰው ኃይል እንደሌለው ነገረኝ። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። የእያንዳንዱን መልስ ለብቻው ስትሰሙት ያሳምናል፤ ሦስቱን ስትደምሩት ግን የጓጉንቸሩ ቁልፍ ባሕር ዳር ይገኛል።

ጎጃም ውስጥ ተወልዶ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ችግር እንዴት እንደሚፈቱት ያውቃል። ደብሩ የሁሉም ነው፤ ካህኑም፣ ምእመኑም፣ የሰበካ ጉባኤውም የኔ ይለዋል። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ማን ይጠየቃል ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ገበዙ። ገበዝ የተሾመ፣ ስሙ የሚታወቅ፣ ዕቃውን ቆጥሮ የተረከበና ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ነው። ክቡ ቤተ ክርስቲያናችን በምዕራብም፣ በሰሜንም፣ በደቡብም በር አለው፤ ለንግሥ የመጣ ሕዝብ ተጨናንቆ የማይቀረውም ለዚህ ነው። ቅዳሴ ሲደርስ በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ሌላ አገር ነው ቢባል ገበዙን ማን ይምረዋል? የምንነግድበትና የምንታከምበት ሕንፃ ግን ጥበቃ አለው፣ ኪራይ ሰብሳቢ አለው፣ የጽዳት ሠራተኛ አለው፤ ገበዝ የለውም።

የምለው እንግዲህ ይኸው ነው፦ ሕዝብ የሚገባበት እያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ስሙ የታወቀ ሰው ይኑረው። መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ደረጃ መውጣት የማይሰለቸው ጥበቃ ወይም ተከራይ ይበቃል። ስሙና ስልኩ መግቢያው ላይ ይለጠፍ። መግቢያው ላይ መዝገብ በገመድ ይንጠልጠል። በወር አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ገበዙ ይዙር፤ የሲሊንደሩን ጠቋሚ ይይ፣ የሳጥኑን መፈተሻ ቁልፍ ይጫን፣ የጀርባውን በር ገፍቶ ይውጣ፣ ደረጃው ላይ የተቀመጠ ካርቶን ካለ ያስነሣ፣ የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይነቅንቅ፣ ሮቶው ክዳኑ መኖሩን ያረጋግጥ። ያየውን ይጻፍ፤ ይፈርም። የእሱ ሥራ መጠገን አይደለም፤ የተበላሸውን ጽፎ ለባለቤቱ ማድረስ ነው። የተጻፈ ነገር ጉልበት አለው፤ «አልሰማሁም» ማለት ይቀራል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የእህቴ ልጅ አውስትራሊያ ሜልቦርን ይኖራል፤ የሕንፃ ጽዳት ላይ ነው የሚሠራው። በዚያ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የሕንፃ ባለቤት የደኅንነት መሣሪያዎቹ መፈተሻቸውንና መጠገናቸውን የሚገልጽ ሪፖርት በየዓመቱ እንዲያዘጋጅ በሕግ ይገደዳል። በጎረቤቱ በኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ ዓመታዊው የእሳት ደኅንነት ማረጋገጫ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ እዚህ ማጽጃ ባልዲ መውጫው በር ላይ ብታስቀምጥ ሥራህን ታጣለህ» ያለኝን አልረሳውም። የእነሱን ገንዘብና የእነሱን መሣሪያ እናምጣ አላልሁም። መዝገቡን እንውሰድ ነው ያልሁት፤ ሰማንያ ቅጠል ደብተር እዚህም ይሸጣል።

ጽሕፈት ቤቶቻችንም የሰው ኃይል የለንም ማለታቸውን አምናለሁ። ስለዚህ አይዙሩ። በየዓመቱ ነጋዴው ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲመጣ የግብር ወረቀቱን እንደሚያሳይ ሁሉ፣ የተከራየበት ሕንፃ መዝገብ ቅጂ ይዞ እንዲመጣ ይጠየቅ። ያኔ ነጋዴው ባለቤቱን ይጠይቃል፣ ባለቤቱ ገበዙን ይጠይቃል። በኪራይ ውሉ ላይም አንድ አንቀጽ ይግባ፤ ብሬከር የሚቀይር፣ ምጣድ የሚጨምር፣ መውጫ ላይ ዕቃ የሚያስቀምጥ ተከራይ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስፈቅድ። ለምጣድ የተለየ መስመር፣ ሽቦውም 6 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ከዋናው ሳጥን በቀጥታ ይሳብለት። ይህ ያልተሟላበት ቦታ ሁለተኛ ምጣድ አይተከል።

ጊዜው ብዙ ሌላ ጭንቀት ያለበት መሆኑን አውቃለሁ። መንገድ በሚዘጋበት፣ ንግድ በቀዘቀዘበት፣ ሰው ውሎ መግባቱን በሚያመሰግንበት ወቅት ስለ በር መቀርቀሪያና ስለ ሮቶ ክዳን መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ለእኔ ግን ተቃራኒው ነው። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እንደ ልብ በማይመጣበት ጊዜ በእጅ ያለውን መጠበቅ ነው የሚያዋጣው።

ወደዚያ ሕንፃ ስመለስ፣ ባለ 40ውን ብሬከር አውጥቼ ባለ 20ውን መልሻለሁ፤ የተቃጠለውንም ጫፍ ቆርጬ ጥያለሁ። ምግብ ቤቱ አኩርፎኛል። አዲስ መስመር እስኪሳብ ድረስ በተራ እንዲጋግሩ ነግሬያቸው፣ አንዷ ጋጋሪ «እኛም እኮ እጃችንን ሲነዝረን ነበር» አለች። ማንም አልጠየቃትም ነበር። የጀርባው በር ግን ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍበት ቀን ድረስ እንደተቆለፈ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላቅርብ። በከተማችንና በአካባቢው ያሉ የሕንፃ ባለቤቶች ገበዝ ቢመድቡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን ምን እንደሚታይና እንዴት እንደሚመዘገብ በነፃ ላሳያቸው ፈቃደኛ ነኝ። የመሬት ተቃውሞ መለኪያና የአምፔር መለኪያ አለኝ፤ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼም አብረውኝ ይመጣሉ። የሚመጣ ሰው ደብተርና እስክሪብቶ፣ የሕንፃውንም ዋና ሳጥን ክዳኑ ተከፍቶ በስልኩ ያነሣውን ፎቶ ይያዝ። አዳራሽ የሚፈቅድልን ቢገኝ በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል በኩል ያሳውቀን። ሁለት በር ያለው ቢሆንና ሁለቱም ቢከፈቱ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የኤሌክትሪክ ተከላ መምህር
ደብረ ማርቆስ